ያለ ደመወዝ የመረጥኩት ክረምት

ሰኔ ሊወጣ ሲል የዲፓርትመንታችን ኃላፊ ክፍል ገብቶ ለክረምቱ የተግባር ልምምድ የተገኙትን ቦታዎች አነበበልን። የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ የምማረው የሕንፃ ንድፍ ነው። ወንዶቹ አብዛኞቹ ክፍለ ሀገር ደረሳቸው፤ መንገድ ሥራ፣ ግድብ፣ የሰፈራ ጣቢያ። ሴቶች ሁለት ብቻ ስለነበርን ለእኛ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ቦታ ተይዟል ተባለ።

አንደኛው በቦሌ መንገድ ላይ ያለ የመንግሥት የንድፍ መሥሪያ ቤት ነው። ክፍያ የለውም፤ የትራንስፖርት እንኳ አይሰጥም። ሁለተኛው ከጎሮ ወዲህ ሜዳ ላይ እየተሠራ ያለ የመንግሥት መጋዘን ነው። እዚያ ለተለማማጅም እንደ ቀን ሠራተኛው በየአሥራ አምስት ቀኑ ይከፈላል።

«የምትመርጡት በውጤት ቅደም ተከተል ነው» አለ ኃላፊው። ወደ እኔ ዞሮም «አንቺ ትቀድሚያለሽ፤ እስከ ነገ አስቢበት» ብሎኝ ወጣ።

ሁለተኛዋ ሴት ጓደኛዬ ናት፤ የጎሮ ልጅ። ጎሮ ያኔ ከተማ አልነበረም፤ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ገጠር ነው። በክረምት ከቤቷ እስከ አስፋልቱ በላስቲክ ጫማ ጭቃውን ታቋርጥና፣ መንገድ ዳር ቆማ በፌስታል የያዘችውን ደህና ጫማ ትቀይር ነበር። ከክፍል ስንወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

«መሥሪያ ቤቱን ነው የምትመርጪው አይደል?»

«ገና አላሰብኩበትም።»

«አስበሻል። እኔም ብሆን እሱን ነበር የምወስደው። ደጃፌ ላይ ሲሚንቶ ሲቦካ ለማየት ነው እንዴ እስከዚህ የተማርኩት?»

ተናዳለች፤ ግን አላኮረፈችኝም። እውነቷን ነበር፤ አስቤ ጨርሻለሁ። ያን መሥሪያ ቤት በውይይት ታክሲ ባለፍኩ ቁጥር አንጋጥጬ አየው ነበር። ፎቁ ላይ ሰፋፊ መስኮቶች አሉት፤ ሰማዩ ሲጠቁር መብራቶቹ ይበራሉ፤ በየመብራቱ ሥር ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ላይ ያጎነበሰ ሰው ይታያል። ኮሌጃችን ውስጥ አንድ ጠረጴዛ የምንጋራው ለአራት ነው። ወረቀቱን ፊትና ጀርባውን ከሠራንበት በኋላ በላጲስ ፍቀን እንደገና እንሠራበታለን። ስለዚህ ያ መብራትና ያ ጠረጴዛ ለእኔ ሙያው ራሱ ነበር። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። በዚያ ዘመን ተመራቂን የሚመድበው መንግሥት ነው፤ የት እንደሚጥልህ አታውቅም። መሥሪያ ቤት ግን የወደደውን ተለማማጅ በስሙ መጠየቅ ይችላል ይባል ነበር። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ሁላችንም እናምነው ነበር።

አባቴ ወሎ ሰፈር ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና አካል በመዶሻ እያቃና ነው ያሳደገን። ዕድሜውን ሙሉ ላሜራ ሲቀጠቅጥ ጆሮው ደክሟል። ሌላውም ሰው እንደ እሱ የማይሰማ ስለሚመስለው የሚናገረው በጩኸት ነው። እኛም ለመመለስ ስለምንጮህ፣ ቦሌ ሚካኤል በነበረው ግቢያችን ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረንም። የዚያን ምሽት ጉዳዬን ሳነሳ ጎረቤቱ ሁሉ አብሮ ሰማ።

«ከፍለው የሚያሠሩሽ የት ነው?» አለ አባቴ።

«ጎሮ!»

«ዶሮ? የዶሮ እርባታ ነው እንዴ?»

«ጎሮ ነው ያለችው! ከገርጂ ወዲያ!» ብላ ጎረቤታችን በግድግዳው ማዶ ጮኸችለት።

አባቴ ገባው። ሳህኑን ገፋ አድርጎ እጆቹን ዘረጋልኝ፤ ጣቶቹ ቀጥ ብለው መዘርጋት ካቆሙ ቆይተዋል። «እኔ ብረት ስደበድብ የኖርኩት ልጄ ድንጋይ እንድትሸከምልኝ አይደለም። አንቺ ወንበር ላይ ቁጭ በዪ። ባይከፍሉሽስ? እኔ አለሁ አይደል?»

ኋላ ዕቃ ሳጣጥብ እናቴ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«የጎሮዎቹ ደህና ይከፍላሉ?»

የሰማሁትን ነገርኳት።

«መስከረም ላይ የታናሽሽ ዩኒፎርም አለ። ያንቺም ጫማ አልቋል። እኔ ይሄን ብቻ ነው የማውቀው፤ ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እማዬ፣ እዚያ ሥራዬን ካዩልኝ ስመረቅ ያስቀሩኛል። ገንዘቡ ያኔ ይመጣል።»

«እሺ» አለች። እናቴ እሺ ስትል ተስማማች ማለት አልነበረም፤ ነገሩን አበቃች ማለት ነው። በማግስቱ መሥሪያ ቤቱን መረጥኩ። ጓደኛዬ የተረፈላትን ወሰደች።

ሐምሌ ሲገባ የተኮሰ ልብስ ለብሼ፣ እርሳሴን ቀርጬ ሄድኩ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ካኪ የሚወድ፣ ሲናገር ድምፁ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ቆሞ ጨበጠኝ። «እንኳን ደህና መጣሽ ጓድ። ወጣቱ ከነባሩ ይማራል፤ ነባሩም ከወጣቱ» አለና ወደ ንድፍ ክፍሉ ላከኝ። ከመንገድ ላይ ሳየው የኖርኩት ክፍል ነው። ጠረጴዛዎቹ አሉ፤ መብራቶቹ አሉ። ለእኔ ወንበር ግን አልነበረም። ወረቀት የሚመጣበትን የእንጨት ሣጥን ገልብጠው ሰጡኝና እሱ ላይ ተቀመጥኩ።

ከመስኮቱ ሥር አንዲት ነባር ንድፍ ሠሪ ነበሩ፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ መስመራቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ። ቀኑን ሙሉ ከኋላቸው ሆኜ አየኋቸው። በሁለተኛው ቀን ደፈርኩ።

«እትዬ፣ ቢያንስ ጽሑፉን ልጻፍልዎት?»

«በምን?»

«በዚህ በብዕሩ።»

«ብዕሩ በእኔ ስም የወጣ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ጫፉ ቢታጠፍ ከደመወዜ ይቆረጣል። ምትክም የለው፤ ከውጭ ነው የሚመጣው። ጠረጴዛውም በእኔ ስም ነው። መብራቱም።»

«ታዲያ እኔ በምን ልሥራ?»

«ንብረት ክፍል ጠይቂ።»

ንብረት ክፍል ያለው ሰው ጥያቄዬን ጨርሶ እስኪሰማ ድረስ በትዕግሥት ቆየ። ከዚያ፣ «አንቺ ብታጠፊው ከምን ይቆረጣል?» አለኝ።

«አላጠፋውም።»

«እኔም አላልኩም። ብታጠፊው ነው ያልኩሽ። ደመወዝ የለሽም። ደመወዝ ለሌለው ሰው ዕቃ አይወጣም።»

ያለ ክፍያ የመጣሁት ሙያውን ልማር ብዬ ነው፤ ክፍያ ስለሌለኝ ደግሞ ሙያውን የሚያስተምረኝን ዕቃ መንካት አልችልም። ክፍሉን እየዞርኩ ሁሉንም ጠየቅኳቸው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሻይ ይጋብዙኛል፣ የቤተሰቤን ደህንነት ይጠይቁኛል። ግን እያንዳንዱ ብዕርና እያንዳንዱ ማስመሪያ የአንድ ሰው ስም ነበረው። ያ ሁሉ መሣሪያ ዓይኔ ሥር ተደርድሮ እኔ በእርሳሴ የጋዜጣ ጠርዝ ላይ መስመር እለማመድ ነበር።

የሚሰጠኝ ሥራ ማጠፍ ነው። የተባዛ ንድፍ ከማሽኑ ሲወጣ ማባዣው የሚሠራበት የአሞኒያ ሽታ ዓይን ያቃጥላል፤ ወረቀቱን በልክ እያጠፍኩ እደረድራለሁ። ማጠፉ ሲያልቅ መላላክ ይጀምራል። ሳንቡሳ፣ ሲጋራ፣ ከሌላ ቢሮ ማህተም ማስመታት። ማታ ቤት ስገባ አባቴ፣ «ዛሬስ ምን ሠራሽ?» ብሎ ይጮሃል፤ እኔም «ንድፍ!» ብዬ እጮሃለሁ። ጎረቤቶቹም አብረው ይሰሙ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የሚኖረው በእኛው ቀበሌ ነው። ቀበሌያችን ከመንገዱ በኩል ቪላዎች፣ ከጀርባ የእኛ ዓይነት የጭቃ ቤቶች ነበሩት። ሁለቱ የሚገናኙት በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከቪላዎቹ የሚመጣው የተላከ ሰው ነው። አንድ ጠዋት ኃላፊው ጠራኝና የቤቱን የራሽን ካርድ ከዘንቢል ጋር ሰጠኝ።

«ጓድ፣ ዛሬ ስኳር ይታደላል ተብሏል። የቤት ሠራተኛችን ታማለች። ሰፈርሽ ነው አሉኝ፤ አትቸገሪም።»

እምቢ ማለት ይቻላል ብዬ አላሰብኩም። ሄድኩ። ዝናቡ ቢያባራም ቅዝቃዜው ነበር፤ ሰልፉ ከሱቁ በር ተነስቶ አጥሩን ይዞ ዞሯል። መጨረሻውን ፍለጋ ስሄድ መሃል ላይ እናቴን አየኋት። ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶች ጋር ታወራለች። ዓይናችን ተጋጨ።

«ምነው? አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አይ፣ ለሥራ ነው የመጣሁት።»

ዘንቢሉን አየች። ካርዱን አየች። የእኛ ካርድ እሷ እጅ ላይ ነው።

«የማን ነው ይሄ?»

«የአለቃዬ።»

ሌሎቹ ሴቶች ያዩናል። እናቴ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሳብ አለችና «ነይ፣ ከፊቴ ግቢ። ቶሎ ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ» አለችኝ። እምቢ ብላት በክንዷ ገፍታ አስገባችኝ። ሰልፉ ቀስ እያለ ሄደ። ተራዬ ሲደርስ ሻጩ የኃላፊውን ካርድ አየና ለቤተሰቡ የሚገባውን ስኳር መዘነልኝ፤ ቤተሰቡ ብዙ ነበር። ከዚያ ጆንያውን ገልብጦ አራገፈው።

«አለቀ» አለ። «ሌላው በሚቀጥለው ነው።»

ከእናቴ ጀምሮ የነበረው ሰው ሁሉ አጉረመረመ። እኔ ዘንቢሉን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

«እማዬ፣ ከዚህ ላይ...»

«የሰው ነው» አለች። «ሂጂ፤ ይጠብቁሻል።» ነጠላዋን አስተካክላ ባዶ እጇን ወደ ቤት ሄደች። ለአባቴ አልነገረችውም። ብትነግረው ጩኸቱ እስከ ቪላዎቹ ይሰማ ነበር።

በዚያው ሳምንት እሑድ ጓደኛዬ ቦሌ ሚካኤል እኛ ቤት ድረስ መጣች። ፊቷ በፀሐይና በነፋስ ጠቁሯል፤ እግሯ ላይ ከሥራ ቦታው የተሰጣት ቦት ጫማ አለ። ፓስቲ ገዝታ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። በራሷ ገንዘብ የገዛችው ስለሆነ መጉረስ አቃተኝ፤ ግን ርቦኝ ነበርና በላሁት።

«ትናንት የመሠረቱን ማዕዘን በገመድ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። «መሐንዲሱ መጣና ለካው። ተስተካክሏል። ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ 'በእሷ ምልክት ቆፍሩ' አላቸው። አስቢው፣ ያ ሁሉ ወንድ እኔ ባሰመርኩት ሲቆፍር!»

«ጥሩ ነው።»

«መጀመሪያ ቀን አልቅሻለሁ፤ አልዋሽሽም። የሰው አፍ ነው ያስለቀሰኝ። አሁን ለመዱኝ። አንቺስ? ምን ምን ሠራሽ?»

«እናጥፋለን» አልኳት።

«ምን?»

«ወረቀት።»

መሳቅ ጀምራ ፊቴን ስታይ ተወችው። «ነይ ወደ እኛ» አለች። «መሐንዲሱ አንድ ሰው ቢጨምሩልኝ ብሏል። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ሄደሽ ንገሪያቸው፤ ያዛውሩሻል።»

ሰኞ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤቱ ከመሄዴ በፊት ወደ ኮሌጁ ሄድኩ። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ወረቀት እያየ ሰማኝ።

«አይቻልም» አለ። «ዕቅዱ ወደ ላይ ሄዷል።»

«የቱ ጋ ነው ላይ?»

«ላይ ነዋ።»

«መጋዘኑ ጋ ሰው ይፈልጋሉ። መሥሪያ ቤቱ ጋ እኔን የሚፈልግ የለም። ማን ይጎዳል ብዛወር?»

«ማንም አይጎዳም። ግን በዕቅዱ ላይ አንቺ እዚያ ነሽ። ደግሞስ ያለ ክፍያ ልሥራ ብለሽ የመረጥሽው አንቺ ነሽ፤ አሁን ገንዘብ አማረሽ?»

ገንዘብም አምሮኛል፤ ሥራም አምሮኛል። ከቢሮው ስወጣ በሩን በኃይል ዘጋሁት፤ ያደረግኩት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ አዳራሽ ይሰበሰብ ነበር። መጀመሪያ ንባብ፣ ቀጥሎ ሂስና ግለ ሂስ። ሌላውን መውቀስ፣ ራስን መውቀስ ማለት ነው። ሁሉም ለዚህ የምትሆን ትንሽ ጥፋት አዘጋጅቶ ይመጣል። ዘበኛው ማርፈዱን ይናዘዛል፤ ጸሐፊዋ በሥራ ሰዓት ሹራብ መሥራቷን ትናገራለች፤ ይጨበጨባል፤ ወደ ቤት ይኬዳል። የዚያን ዕለት ግን ኃላፊው ሊዘጋ ሲል፣ በመልካም መንፈስ ይመስለኛል፣ «ተለማማጇ ጓድም አስተያየት ካላት» አለ።

ተነሳሁ። አስቤበት አልነበረም።

«እዚህ ቤት ከመጣሁ አንድ መስመር አላሰመርኩም» አልኩ። «ብዕር ስጠይቅ ደመወዝ የለሽም እባላለሁ። ወንበር የለኝም። ሳንቡሳ እገዛለሁ፣ ወረቀት አጥፋለሁ፣ ስኳር እሰለፋለሁ። ስኳር ለመሰለፍ ኮሌጅ አያስፈልግም።»

ስኳር የሚለውን ቃል ስጠራ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ኃላፊው አልተቆጣም። ድምፁም ከወትሮው አልጨመረም።

«ጓድ ተማሪ የግል ፍላጎቷን ከብዙኃኑ ጥቅም አስቀድማለች» አለ። «ይህ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው። ወጣት ስለሆነች ይታረማል። ሌሎች ጓዶችስ ምን ትላላችሁ?»

ነባሯ ንድፍ ሠሪ እጃቸውን አወጡ። ልቤ ተንፈስ አለ፤ ስለ ብዕሩ የተናገርኩት እውነት መሆኑን እሳቸው ያውቃሉ ብዬ።

«ልጅቷ ሥነ ሥርዓት ይጎድላታል» አሉና ተቀመጡ።

ተጨበጨበ። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ፤ አደረግኩ። ምን እንዳልኩ አሁን አላስታውሰውም፤ ፊቴ ሲግል ብቻ ነው የማስታውሰው። ስንበተን ሴትየዋ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ።

«አትቀየሚኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ወንድሜ ታስሮ ነው የተፈታው። እዚህ ቤት ስሜ በክፉ እንዲነሳ አልፈልግም። አንቺ መስከረም ላይ ትሄጃለሽ፤ እኔ እዚሁ ነኝ።»

አሁን ሳስበው ትክክል ነበሩ። ያኔ ግን ትቻቸው ነው ደረጃውን የወረድኩት፤ እስከ ቤቴም በእግሬ ሄድኩ።

ሰኞ ስገባ ኃላፊው ራሱ አዳራሹ በር ላይ ይጠብቀኛል። «ሥራ የለኝም ብለሽ ነበር» አለኝ። ወለሉ ላይ ጥቅል ጥቅል ቀይ ጨርቅ ተደርድሯል። የአብዮት በዓል እየደረሰ ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚመጡ እንግዶች የሚያልፉት በቦሌ መንገድ ስለሆነ መፈክሩ አምሮ መጻፍ አለበት። ቀለምና ብሩሽ የፈለግኩትን ያህል ተሰጠኝ። ብሩሽ በማንም ስም አልተመዘገበም።

ነሐሴን ሙሉ በጉልበቴ ተንበርክኬ መፈክር ጻፍኩ። ችግሩ፣ ጎበዝ ነበርኩ። በንድፍ ትምህርት ፊደልን በልክ መጻፍ የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ እኔ ደግሞ የተሰጠኝን ማበላሸት አልችልበትም። ፊደሎቼ ጥርት ብለው፣ እኩል ቆመው ሲደረደሩ ሠራተኛው እየመጣ ያደንቃል። ኃላፊው ከሌላ መሥሪያ ቤት እንግዳ ሲመጣበት አዳራሹን ያስጎበኛል፤ «የእኛዋ ተለማማጅ ናት» እያለ። ሲያደንቁኝ ደስ ይለኛል፤ ደስ ስላለኝ ደግሞ እናደዳለሁ። ማታ ጥፍሬ ውስጥ የገባውን ቀለም በጋዝ ሳጥበው አባቴ ያያል።

«ንድፉ ቀይ ነው እንዴ?»

«አዎ!» ብዬ እጮሃለሁ።

ጨርቆቹ በመብራት ምሰሶዎቹ መሃል ተወጥረው በተሰቀሉ ማግስት፣ የጋራዡ ሰዎች ለአባቴ «የልጅህ ጽሑፍ ተሰቅሏል» ብለው ነገሩት። ከሥራ ስወጣ ቱታውን ለብሶ፣ አንዱ ጨርቅ ሥር አንጋጦ ቆሞ አገኘሁት። ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ስለሆነ የአውቶቡስ ፌርማታው ሞልቷል። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ የቀበሌ ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል።

«ይሄ ነው?» አለኝ አባቴ። እሱ ቀስ ብሎ የተናገረ መስሎታል። ፌርማታው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ።

እጅጌውን ይዤ ሳብኩት። አልተነቃነቀም።

«ይሄን ለመጻፍ ነው ኮሌጅ የገባሽው? ይሄን እኮ ቀለም ቀቢም ይጽፈዋል! ደግሞ ደመወዝ የለው! በነፃ! ቤት የሚል የት አለ እዚህ ላይ? ድልድይ የሚል የት አለ?»

«አባዬ፣ በቃ» አልኩት። አልሰማኝም። እንዲሰማኝ መጮህ አለብኝ፤ እዚያ መንገድ ላይ፣ እዚያ ጨርቅ ሥር ደግሞ ምን ብዬ ነው የምጮኸው? ጣቴን አፌ ላይ ባደርግ ያው ነው፤ ጥበቃው እያየኝ ነው። እንዲያውም ወደ እኛ መጣ። ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም።

«ምንድን ነው የሚሉት አባት?»

«ጆሮው አይሰማም» አልኩት። «ፊደሉ ትልቅ መሆን ነበረበት ነው የሚለው። ከሩቅ አይነበብም ነው የሚለው።»

ጥበቃው አንጋጦ ጨርቁን አየ። «ከዚህ በላይ?» አለ። «ከዚህ በላይ ከተለቀ እኮ ጨርቁ አይበቃውም።» አባቴን ትከሻው ላይ ቸብ አድርጎ ተመለሰ።

አባቴ ማንም ምን እንዳለ አልሰማም። እስከ ቦሌ ሚካኤል ድረስ በየመንገዱ እየጮኸ አብሮኝ ሄደ፤ እኔ ከፊት ከፊት እየተራመድኩ። ቤት ገብቼ ውሃ ስቀዳ መሬት ላይ አፈሰስኩት። እናቴ ኩባያውን ተቀበለችኝና «ምን ሆናችሁ?» አለች። አባቴ ነገራት፤ ጎረቤቱም ሰማ።

ልምምዱ ሲያበቃ ኃላፊው ለኮሌጁ ጥሩ ምስክርነት ጻፈልኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያውቅልኝን ችሎታ ጻፈ። ጓደኛዬ ከመጋዘኑ ስትመለስ በክረምቱ ገንዘብ ለእናቷ ጋቢ ገዝታ ነበር፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ መምህሩ ስለ መሠረት ሲያስተምር እጇን እያወጣች ታርመዋለች። እኔ ዝም ብዬ እጽፋለሁ።

ስንመረቅ ምደባው ተለጠፈ። ጓደኛዬ እዚያው መጋዘኑን በሠራው ድርጅት፣ ሕንፃ ሥራ። እኔ ክፍለ ሀገር፤ የፕሮፓጋንዳ ክፍል፣ የጽሑፍና የሥዕል ሠራተኛ። የምደባውን ሰው ቢሮው ድረስ ሄጄ ያዝኩት።

«እኔ የተማርኩት የሕንፃ ንድፍ ነው።»

«ማስረጃሽ ላይ በጽሑፍ ሥራ የላቀች ይላል።»

«አንድ ክረምት ነው የጻፍኩት፤ ያውም ሳልወድ!»

«ሠርተሽ ማሳየትሽ ነው ዋናው» አለኝ። «ቀጥሎ ያለው ይግባ።»

ሄድኩ። ደመወዝ ነበረው። ለእናቴ በየወሩ እልክላት ነበር፤ የታናሼም ዩኒፎርም ከዚያ በኋላ አልጎደለም። ግን በዓል በመጣ ቁጥር መሰላል ላይ ነኝ። የዝውውር ማመልከቻ አስገባለሁ፤ መልሱ «ምትክ ሲገኝ» ነው። ምትክ የሚገኘው ደግሞ እኔ መጥፎ ስጽፍ ይመስለኝና አንድ ጊዜ ፊደል አጣምሜ ጻፍኩ። አለቃዬ ቆሞ አየና «አዲስ ዘዴ ነው፤ ያምራል» አለ።

በመጨረሻ፣ በክፍለ ሀገሩ የግንባታ ክፍል የነበረው ንድፍ ሠሪ ጦር ግንባር ሄዶ ቦታው ባዶ ሲሆን፣ ሰው እስኪመጣ ብለው ለጊዜው አዛወሩኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ የአንድ ገበሬ ማኅበር የእህል ጎተራ ነበር። ትንሽ ነገር ነው፤ አራት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከምድር ከፍ ያለ ወለል፣ ከታችና ከላይ ነፋስ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች። ሌሊት ሌሊት እንኳ በህልሜ እሥለው ነበር። ጨረስኩት፤ ተፈረመ፤ ተሠራ።

ከመኸር በኋላ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ተቆጥቶ ቢሮዬ መጣ። እህሉ ሻግቷል። ንድፉ የእኔ ስለሆነ ጥፋቱም የእኔ ነው አለ። ወረቀቴን ጠቅልዬ ይዤ አብሬው ሄድኩ። ግንበኞቹ ቀዳዳዎቹን በሙሉ ደፍነዋቸዋል፤ አንድም አልተረፈም።

«አይጥ እንዳይገባ ነው» አለኝ ዋናው ግንበኛ።

«ለአይጡ ወንፊት ሽቦ ሥዬልህ ነበር። ይኸው።»

«ሽቦ አላመጡልኝም።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«አንቺን? አንቺ እኮ መፈክር የምትጽፊዋ ነሽ።»

ወረቀቱን ጭቃው ላይ ዘርግቼ በድንጋይ ያዝኩትና ከሱም፣ ከሊቀ መንበሩም ጋር ተጨቃጨቅኩ። ሰው ተሰበሰበ። እኔም ጮህኩ፤ እነሱም ጮሁ። ግንበኛው እየተነጫነጨ መሮና መዶሻ አስመጣ፤ የመጀመሪያውን ቀዳዳ መክፈት ሲጀምር፣ ልኩን በሜትር ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። «ወደ ታች ትንሽ» አልኩት። «አሁንም ትንሽ።»